አረንጓዴው ከፈን

የከተማው ውሃ ጣቢያ ኃላፊ በሕይወት ሳለ አረንጓዴ ነገር ማየት አይወድም ነበር። ሞቶ ሲገኝ ግን ከጸጉሩ እስከ ጫማው ክር አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ሞት እንዲህ ቀልድ ያውቃል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ያገኘው ወንፊቱ ነው። የሐይቁን ውሃ ስቦ ወደ ከተማው የሚልከው ትልቁ ቧንቧ አፉ ላይ የብረት ወንፊት አለው። ቅጠል ይይዛል፣ ፌስታል ይይዛል፣ የሞተ ዓሣ ይይዛል። የዚያን ዕለት ጠዋት ኃላፊውን ያዘ። ሁለት ሠራተኞች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በግራና በቀኝ ብብቱን ይዘው ሲጎትቱት፣ ላዩ ላይ የጋገረው አረንጓዴ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ አብሮት እየተሳበ መጣ። ሽታውን አታንሱት። ጎመን በብረት ድስት ረስታችሁ ጉዞ ሄዳችሁ ስትመለሱ እንደሚሸተው ነው።

«ቀስ በሉ! ፊቱ እንዳይላጥ!» አለ ሳጅኑ።

«ፊቱን ከእንግዲህ ለማን ሊያሳየው ነው?» አለች መርማሪዋ።

መርማሪዋ ስም አላት፤ የሚጠራት ግን የለም። ከፖሊስ ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ እስከ አዛዡ ድረስ «እሬት» ነው የሚሏት፤ ስለምትመር። እሷም ታውቃለች። አንድ ጊዜ አንዱ እስረኛ ፊት ለፊት «እሬት!» ብሎ ቢሰድባት «አቤት» አለችው አሉ።

ሳጅኑ ደግሞ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ አንገቱ ላይ ፔርሙስ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ነው። በፔርሙሱ ክዳን ውሃ ቀድቶ አቀረበላት።

«ይጠጡ ኢንስፔክተር፤ የፈላ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ታፈላዋለች። የዚህ ከተማ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም።»

«ሬሳ እያየሁ አልጠጣም።»

«ታዲያ በዚህ ሥራ መቼ ሊጠጡ ነው?»

ሬሳው ሲሚንቶው ላይ ጧ ብሎ አረፈ። ሁለቱ ሠራተኞችም እየተንጠባጠቡ ወጡ። ያን ጊዜ ዳር ካለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኮምፕሬሰሩ ዱ-ዱ-ዱ-ዱ ብሎ ተነሳ። ከወንፊቱ ፊት ያለው ውሃ እንደ ድስት መንተክተክ ጀመረ፤ አረንጓዴው ብርድ ልብስም ተበጣጠሰ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች እሬት።

«አየር ነው» አለ የውሃ ጣቢያው ምክትል ኃላፊ፤ እሱም እየጮኸ። «ከሐይቁ ወለል ላይ ቧንቧ ተዘርግቷል። ማሽኑ አየር ይነፋበታል፣ ውሃው ይተራመሳል፣ አረንጓዴው መሳቢያው ፊት አይሰፍርም።»

ሐኪሙ ተንበርክኮ አየ። ማጅራቱ ላይ በዘንግ ተመቷል፣ ነገር ግን የገደለው ውሃው ነው፣ ሳንባው ሞልቷል። ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የሞተው። ይህን ብሎ እጁን ታጠበና ሄደ። ሐኪም ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ አልቃሾቹ ሳይደርሱ።

እሬት ምክትሉን ወደ ጥላ ጠራችው። ሰውየው ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል፣ መሐረቡን በሱሪው ይጠርጋል፣ እንደገና ግንባሩን።

«ማን ይጠላው ነበር?»

«በደመወዝ ነው ወይስ በነጻ?»

«አትቀልድብኝ።»

«አልቀለድኩም እኮ። ሠላሳ ሠራተኛ በደመወዝ ይጠላዋል። ከተማው በነጻ ይጠላዋል።» ምክትሉ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ከሁሉም የባሰው ግን ዓሣ አጥማጁ ነው። ባለፈው ወር አረንጓዴው ሲበዛ ኃላፊው አረንጓዴውን የሚገድል ሰማያዊ ጨው ሐይቁ ላይ አስበተነ። ሐይቁ እንደ መስታወት ጠራ። ዓሣው ግን አለቀ። ሰውየው እዚሁ ቆሞ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ‹አንተም እንደ ዓሣዎቼ ሆድህን ገልብጠህ ትንሳፈፋለህ› አለው።»

«ጨዉ የታለ?»

ምክትሉ በሸራ የተሸፈነ የጆንያ ክምር አሳያት። ከጆንያዎቹ ስፌት ደማቅ ሰማያዊ ዱቄት ይረግፋል።

«ነገ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ሐይቁ ሰማያዊ ሆኖ መታየት አለበት። ትናንትና ሊበተን ነበር እኮ! አሁን እንግዲህ…» ሬሳውን አየት አደረገና፣ «ሲሚንቶው ላይ ያለው ደም በሳሙና ይለቃል?» ብሎ ጠየቀ።

ዘንጉ የተገኘው ከመሳቢያው አጠገብ ካለው ወደብ እንጨት ሥር ነው። ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው፣ ጀልባ የሚሳብበት ረጅም ዘንግ፤ ደምና ጸጉር ተጣብቆበታል። እጀታው ላይ የዓሣ አጥማጁ ምልክት ተቀርጿል። ሳጅኑ እጁን አጨበጨበ። «አለቀ! ምሳ ሳይደርስ አለቀ!»

ዓሣ አጥማጁን ከጀልባው ውስጥ ተኝቶ ነው የያዙት። ፖሊስ ጣቢያ አምጥተው ወንበር የሌለው ክፍል ውስጥ አቆሙት።

«ዘንጉ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ደሙስ?»

«ደሙ የሱ ነው። እኔ አልተበደርኩትም።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርክ?»

«ጀልባዬ ውስጥ ጠጥቼ ተኝቼ። ዓሣ ስለሌለ የምጠብቀው ነገር የለኝም። ዘንጉን ወደቡ ላይ ነው የምተወው፤ ያየ ሁሉ ሊያነሳው ይችላል።»

«‹ሆድህን ገልብጠህ ትንሳፈፋለህ› ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። ተንሳፈፈ?»

«በደረቱ ነው የተንሳፈፈው።»

«እንግዲያስ እኔ አይደለሁም።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሬት ግን አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አንስታ እስከ ግማሽ ጠጣች፤ የተረፈውን ዓሣ አጥማጁ እያየ ወለሉ ላይ አፈሰሰችው። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም።

«ስማኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ መኪና ይመጣል። ወደ ትልቁ እስር ቤት ነው የሚሄደው። እዚያ ጠባቂዎቹ ጥርስ መቁጠር ይወዳሉ። ስትገባ ይቆጥራሉ፣ ስትወጣ ይቆጥራሉ። ሁለቱ ቁጥር ገጥሞ አያውቅም። አዛዡ ዛሬ አንድ ሰው መኪናው ላይ እንድጭን አዞኛል። ሌላ ሰው ካላገኘሁ አንተ ነህ።»

«ባላደርገውም?»

«ባታደርገውም።»

ሰውየው ያን ጊዜ መቀለዱን ተወ። «ወንድሜን ጠይቁት» አለ ቀስ ብሎ። «ታላቅ ወንድሜ ማሽኑ ቤት ነው የሚሠራው። ዝንብ እንኳ እንደማልገድል ያውቃል።»

«ዓሣስ?»

«ዓሣ ሌላ ነው።»

የኃላፊው ሚስት በሩን የከፈተችው ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ጥፍሯ ተቀብቶ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል፤ ሰውየው አቧራ አይወድም ነበር።

«ባልሽ ሞቷል» አለች እሬት። እሬት እንዲህ ናት፤ ነገር አታሟሽም።

«ሰምቻለሁ። አረንጓዴ ሆኖ ነው አሉ የተገኘው። አማረበት?»

«አላማረበትም።»

«ምን ያምርበት ነበር ድሮስ?» ወንበር ሳትጋብዝ ተቀመጠች። ግራ እጇ ላይ አንዷ ጣት ወደ ጎን ተጣማለች። እሬት ስታያት ሚስትየዋ ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየቻት፤ ቀለበት እንደምታሳይ ሙሽራ። «ይቺ ሾርባው ስለቀዘቀዘ ነው። ጎኔ ላይ ያለው ደግሞ ሾርባው ስለፈላ። ልክ ሙቀቱን ሳላገኘው ሞተ።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርሽ?»

«ጸጉር ቤት። ለነገ እንግዶች አምሬ እንድታይ አዞኝ። ከሰዓት ገብቼ ከመሸ ወጣሁ። ጠይቂያቸው፤ ወሬዬን ሁሉ አውርቼላቸዋለሁ።»

«ደስ ብሎሻል።»

«እህቴ፣ እኔ ብገድለው ኖሮ በአንድ ምሽት አልለቀውም ነበር።» ከዚያ ድንገት አለቀሰች። ለሱ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ለጣቷ ነው።

የጸጉር ቤቱ ሰዎች ቃሏን አጸኑ። እንዲያውም ሴትየዋ ስታወራ አንዷን ደንበኛ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ረስተዋት ጸጉሯ ተቃጥሎ ነበር።

ሞተሪስቱ፣ ማለትም የዓሣ አጥማጁ ታላቅ ወንድም፣ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ የማሽኑን ቀበቶ እያየ ነበር። ዝምተኛ፣ ከሲታ፣ እጁ ሁሉ ግራሶ የሆነ ሰው ነው። ቤቱ ግን ከኃላፊው ሳሎን ይበልጥ ንጹሕ ነው። ቁልፎቹ በልካቸው ተሰቅለዋል። ውሃውን የሚያሳይ አንድ መስኮት አለ። ከመስኮቱ አጠገብ መደርደሪያ ላይ፣ በዘይት ቆርቆሮዎች መሀል፣ ዳክዬ የተሳለባት የልጅ ኩባያ ቁጭ ብላለች። ጆሮዋ ተሰብሯል፤ አቧራ ግን የለባትም።

«ወንድሜን መቼ ትፈቱልኛላችሁ?» አለ ገና ስትገባ።

«አንፈታውም። አመሻሽ ላይ ይሄዳል። ትናንት ምን አየህ?»

«ምንም። ይሄ ማሽን ከተነሳ አጠገቤ ሰው ቢታረድም አልሰማም። ቀበቶው ስለሚሸሽ ጥዬው ንቅንቅ አልልም። ከቀትር በኋላ አስነሳሁት፣ ጠዋት ሬሳው እስኪታይ ሳያቋርጥ ሠራ።»

«ለምን አጠፋኸው ታዲያ ጠዋት?»

ጥያቄው ራሱ እንዳስገረመው አያት። «ልጆቹ ሊያወጡት ገቡ እኮ! ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ማሽን ይጠፋል። ሰው ሳይወጣ ማሽን አይበራም። አየር የገባበት ውሃ ሰው አይሸከምም፤ ዋናተኛም ቢሆን እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ጀማሪ ሳለሁ አለቃዬ በጥፊ ነው ያስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ራሱ ያውቀዋል፤ እኔን አይጠይቀኝም።»

እሬት ኩባያዋን አነሳቻት። «የማን ናት?»

«የሴት ልጄ።»

«ልጅህ የት ናት?»

«የለችም» አለና ኩባያዋን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት። ማሽኑ ስለሚጮህ ሌላ አልጠየቀችውም።

ከውጭ ሳጅኑ ጠበቃት። «ይሄ ሰው ንጹሕ ነው ኢንስፔክተር። ማሽኑ ከሠራ ሰውየው አጠገቡ ነው። ማሽኑ ደግሞ ሠርቷል። ወንድምየውን ጭነን እንገላገል።»

«ምሳህን አስበህ ነው?»

«ምሳ ሰዓት አልፏል። አሁን ራት ነው የማስበው።»

የቀረችው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናት። ከኃላፊው ጋር በሳምንት አንዴ በሩ እስኪነቃነቅ ትጨቃጨቅ ነበር። ክፍሏ ጠባብ፣ መነጽሯ ወፍራም፣ ምላሷ ስል ነው። እሬት ስትገባ ቀና ሳትል «አልገደልኩትም» አለች። «ትናንት ምሽት ስልጠና ላይ ነበርኩ፤ አርባ ሰው ሲያንቀላፋ አየኝ።»

ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ማሰሮ የሚያካክሉ ጠርሙሶች አሉ፤ ሁለቱም በሐይቁ ውሃ የተሞሉ። በአንዱ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶ አየር ይቡለቀለቃል፤ ውሃው ደፍርሶ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ሌላው ጸጥ ብሏል፤ ከላዩ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ጋግሮበታል፣ ከሥር ግን ጠርቷል።

«ይሄ ለምን ጋገረ?»

«ስላልተነካ። ይሄ ሣር አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። እያንዳንዷ ሆዷ ውስጥ ትንንሽ የአየር ከረጢት አላት። ውሃው ጸጥ ካለላት ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች። ላይ ወጥታ ትጋግርና ከሥሯ ያለውን ሁሉ ታፍናለች። ከእርሻው ማዳበሪያ፣ ከከተማው ፍሳሽ፣ የምትበላውን እኛው ነን የምናቀርብላት። ኃላፊው ይሄን መስማት አይፈልግም ነበር። ምግቧን ከመከልከል ጨው መበተን ይቀለዋል።»

«ጨዉ ይገድላታል አይደል?»

«ይገድላታል! ችግሩ እሱ ነው።» ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች። «በሕይወት ሳለች መርዟ በሆዷ ነው፤ ማጣሪያው ይይዛታል። በጨው ስትገድያት ትፈነዳለች። መርዙ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ያን ጊዜ ማጣሪያው አያውቀውም። መሳቢያውን ለሳምንታት ዝጋ ብዬ ለምኜዋለሁ። ‹ከተማው ምን ይጠጣ፣ የአንቺን እንባ?› አለኝ። ያን ወር ሕጻናት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሞቱ። ጉበት ነው ተባለ። ነው፤ ጉበት ነው።»

«ሰው እያፈላ ይጠጣ የለ እንዴ?» አለ ሳጅኑ ከበሩ ላይ።

«ማፍላት ይሄን መርዝ አይገድለውም። ውሃው ይተናል፣ መርዙ ይቀራል። ብታፈላው ታወፍረዋለህ እንጂ።»

ሳጅኑ አንገቱ ላይ ያለውን ፔርሙስ ዳሰሰ። እሬት ግን ወደ ሁለቱም አልዞረችም። ጸጥ ያለውን ጠርሙስ እያየች ነበር።

«ይሄን ያህል ለመጋገር ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?»

«ነፋስ ከሌለ ሌሊቱን ሙሉ።»

«ሁለት ሰው ሬሳ ጎትቶ እስኪያወጣስ?»

«በዚያ ጊዜማ ምንም አይታይም።»

እሬት ቱቦውን ከአንደኛው ጠርሙስ መዝዛ አወጣችው። አረፋው ቆመ። መልሳ ከተተችው። «ሳጅን፣ ጠዋት ኃላፊው ላይ የነበረው አረንጓዴ ምን ያህል ይወፍር ነበር?»

«እንደ ብርድ ልብስ ነበር እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«እስረኛውን አምጣልኝ። ካቴናው አይፈታ።»

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ትልቁ እስር ቤት የሚሄደው መኪና ከበሩ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። እሬት መጀመሪያ የቆርቆሮው ቤት ገባች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምናልባት ትናንት ሌሊት ማሽንህ ተበላሽቶ ቆሞ ይሆን?»

አያችሁ፣ በር ከፈተችለት። «አዎ፣ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር» ቢል ኖሮ እሬት ባዶ እጇን ነበር የምትመለሰው። ሰውየው ግን እናቱን የሰደቡበት ያህል ቆጣ አለ።

«የኔ ማሽን? የኔ ማሽን ተበላሽቶ አያውቅም!»

«አንዴም?»

«አንዴም! ትናንት እንደ ሰዓት ነው የሠራው!»

«ጎበዝ» አለች። «አሁንም ይሥራ። ሳላዝህ እንዳታጠፋው።»

ወጥታ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆመች። ዓሣ አጥማጁ እጆቹ ከፊት ታስረው በሳጅኑ ክንድ ተይዞ መጣ። ከሥራቸው ውሃው ይንተከተካል። ከቆርቆሮው ቤት መስኮት የወንድምየው ፊት ይታያል።

«ዘንጉን የጣልክበትን ቦታ አሳየኝ» አለችው እሬት።

«አልጣልኩም አልኩሽ እኮ።»

«ሳጅን፣ ያሳየን። ክተተው።»

ሳጅኑ ክው አለ። «ኢንስፔክተር፣ እጁ ታስሯል…»

«አንተ ትገባለህ ወይስ እሱ?»

ሳጅኑ የልጆች አባት ነው። ገፋው።

ሰውየው ጮኾ እንኳ አልጨረሰም። ውሃው አልተንቦጫረቀም፤ ዋጠው ነው የሚባለው። በአረፋው መሀል አንድ ጊዜ የታሰሩ ሁለት እጆች ታዩ፣ ከዚያ እነሱም ጠፉ። ዕድሜውን ሙሉ በዋና የኖረ ሰው እንደ ብሎኬት ወረደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ ይሄኛው ለማሳሳቅም ጊዜ አልሰጠም።

እሬት ወደ መስኮቱ ዞረች። «እንዳትነካው!» ብላ ጮኸች። «እንዳትነካው ብያለሁ!»

ዱ-ዱ-ዱ-ዱ።

ከዚያ ጸጥ።

አረፋው ቆመ። ዓሣ አጥማጁ እያሳለ፣ ዓይኑ ፈጦ ብቅ አለ። ሳጅኑ በደረቱ ተኝቶ ካቴናውን ይዞ ጎተተው። ሞተሪስቱ ከቤቱ እየሮጠ ወጣ፤ ሮጦ አያውቅም ነበር ይላሉ ሠራተኞቹ።

«አውሬ ነሽ! ሰው ውስጥ ነው እኮ! ሰው እያለ አይበራም አላልኩሽም?»

«ኃላፊውስ ሰው አልነበረም?»

«ለሱም አጥፍቼለታለሁ!»

ቃሉ ከአፉ ወጣና መሀላቸው ቆመ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

«ቀጥል» አለች እሬት።

ሰውየው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ሲናገር ድምጹ ስለ ማሽኑ አሠራር የሚያስረዳ ይመስል ነበር።

«ጨዉን ሊያስበትን ጀልባ ጠርቶ ወደቡ ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። እንዳታደርገው ብዬ ለመንኩት። ልጄ በባለፈው ጨው ነው የሞተችው አልኩት። የላብራቶሪዋ ባለሙያ ናት የነገረችኝ። ‹የአንተ ልጅ ድሮም ሆዷ ደካማ ነበር› አለኝ። ‹ገና ጎልማሳ ነህ፣ ሌላ ትወልዳለህ› አለኝ። ዘንጉ እግሬ ሥር ነበር።»

«መታኸው።»

«መታሁት። ወደቀ። ከዚያ ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁ።»

«ልታድነው?»

«ላድነው አይደለም። እጄ ነው።» የግራሶ እጁን እንደ ባዕድ ዕቃ አየው። «ሰው ገባ፤ ጠፋ። ሰው ስላልወጣ ደግሞ ላበራው አልቻልኩም። ሌሊቱን ሙሉ ቁልፉ ላይ እጄን አድርጌ ተቀመጥኩ። ሬሳው ሲወጣ አበራሁት።»

«ካጠፋህለት ለምን አላወጣኸውም?»

«እሱን እጄ አልለመደውም።»

ዓሣ አጥማጁ አፉ ውስጥ የገባውን አረንጓዴ ተፋ። «እኔን በመኪናው ሊጭኑኝ ሲሉስ ዝም ትለኝ ነበር፣ ወንድም ጋሼ?»

ሞተሪስቱ ቀና ብሎ አላየውም። «ውሃ ውስጥ አልነበርክማ።»

ታናሽየው ከሲሚንቶው ላይ ተነሳ። ከዚያ ሳቀ፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምታችሁ ከሆነ አታውሩት። «እሺ» አለ። «እሺ ወንድም ጋሼ። ጥርስህን ቆጥረህ ግባ።»

ሞተሪስቱን ሲያስሩት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ኩባያዋን። እሬት ሳጅኑን ላከችው። ሳጅኑ ሲያቀብለው ሰውየው ኩባያዋን በካቴናው መሀል አቅፎ፣ «በዚቺ ነው ያጠጣኋት» አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ፣ መርማሪ? ከቧንቧው በቀጥታ ሰጥቻት አላውቅም። ማታ ማታ አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ እያባበልኩ አጠጣታለሁ። ከጎረቤት ልጆች ሁሉ የኔዋ ናት ቀድማ የሞተችው። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ከትናንት ወዲያ ነው።»

መኪናው ወሰደው። አዛዡ የፈለገው ሰው ተጭኗል፤ ቁጥሩ ሞልቷል፤ ማንነቱ ትርፍ ጉዳይ ነው።

እሬትና ሳጅኑ በራሳቸው መኪና ከግቢው ሲወጡ፣ ከወደቡ ሁለት ጀልባዎች ሲነሱ አዩ። ምክትሉ ጫፉ ላይ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። «ፍጠኑ! ከዳር እስከ ዳር! ነገ እንግዶች አሉብን!» ሠራተኞቹ ጆንያ ገልብጠው ሰማያዊውን ዱቄት ይበትናሉ። አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ በፀሐይዋ ያበራል፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል። ኮምፕሬሰሩ ጠፍቷል፤ የሚያስነሳው ሰው የለም። መሳቢያው ግን ከተማውን ለማጠጣት እየሳበ ነው።

«ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ መሪውን እንደያዘ። «መሳቢያውን ዝጉ ልንላቸው አይገባም?»

«ገዳይ ፈልጊ ተባልኩ፣ አገኘሁ። ውሃ የኔ ሥራ አይደለም። ለምክትሉ ንገረው ብልህ ምን ይልሃል?»

«‹ከተማው ምን ይጠጣ› ይለኛል።»

«እንግዲህ።»

መንገዱን ጥቂት ሄዱ። እሬት ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ቀኑን ሙሉ ጮኻለች። ሳይጠየቅ፣ በልማድ፣ ሳጅኑ ፔርሙሱን ከአንገቱ አውልቆ አቀበላት። «ይጠጡ፤ የፈላ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

እሬት ፔርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው፤ መልሳ ዘጋችው። «ስንት ልጆች ናቸው ያሉህ?»

«አራት።»

«ቤትህ ደውል። ጨዉ አሁን ነው የገባው፤ ዛሬ ያለው ውሃ ደህና ነው። ዛሬውኑ ባልዲውንም ድስቱንም ይሙሉ። ከነገ ጀምሮ ከቧንቧው እንዳይቀዱ። አፍልተውም ቢሆን።»

ሳጅኑ መኪናውን ዳር አቁሞ ደወለ። ሚስቱ አነሳች፤ ነገራት። ከወዲያ በኩል ባልዲ ሲንኳኳ፣ ልጆች እየተሳሳቁ ሲሮጡ ይሰማል። ስልኩን ዘግቶ እፎይ አለና በመስኮቱ ወጣ ብሎ አየ። ከመንገዱ ማዶ በአንድ ቦኖ ፊት ሴቶች ጄሪካን ደርድረው ወረፋ ይዘዋል። ነገም እዚሁ ናቸው።

«ለሌላውስ ሰው ኢንስፔክተር?»

«ሌላው ሰው» አለች እሬት፣ «የኔ ሳጅን አይደለም። ንዳ።»

ነዳ።